ከአንድ ሱቅ የወጡ ሦስት ሞተሮች

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ የቡና ማጠቢያ ያቋቋመ አንድ ነጋዴ ነበር። ጎረቤቶቹ ሀብታም ይሉታል፤ እሱ ራሱን ባለዕዳ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቡና ነጋዴ በጥቅምት ባለዕዳ ነው፤ ቡናው በደህና ከተሸጠ በየካቲት ሀብታም ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

የዚህ ሰው ጠላት ሰዓት ነበር። እሸት ቡና አንዴ ከዛፉ ከወረደ ትዕግሥት የለውም። በተለቀመበት ቀን ተፈልፍሎ ገንዳ ካልገባ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ መሞቅ ይጀምራል፣ ይፈላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። አይሱዙው ደግሞ የሚያውቀው ዋናውን መንገድ ብቻ ነው፤ በእንሰቱና በቡናው መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ገበሬው ደጅ የሚወጣውን ቀጭን መንገድ አያውቀውም። ገበሬው ጠዋት የለቀመውን በጀርባው ተሸክሞ እስኪወርድ ይመሻል። ስለዚህ ነጋዴው በአንድ ነሐሴ መጨረሻ ሐዋሳ ሄደና ሦስት ሞተር ሳይክሎች ገዛ። ህንድ ሠራሽ፣ ባለ 150 ሲሲ፣ ሦስቱም ቀይ ናቸው። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው የወጡት፤ ሰሌዳ ባይለጠፍባቸው ማንም አይለያቸውም ነበር።

አንዱን ለአንድያ ልጁ ሰጠ። ሁለተኛውን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። ሦስተኛው ለሚዛን ያዡ ደረሰ፤ ነጋዴው አብልጦ ስለወደደው ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሻጩ ቁልፎቹን ሲያስረክብ ለሦስቱም አንድ ቃል ተናገረ። «የመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር ሮዳጅ ነው። ቀስ በሉ፤ አደራ!» ከዚያም በላስቲክ የታሸገች ትንሽ የእንግሊዝኛ መመሪያ ለእያንዳንዳቸው አስጨብጦ ወደ ሌላ ገዢ ዞረ። አልዋሸም፤ ግን አልጨረሰም። በግማሽ የቀረ ምክር ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ሰሚው የቀረውን ከራሱ ጠባይ ይሞላበታል።

የእህት ልጅየው የሞላበት ፍጥነት ነው። የውድድር ሞተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካልተገረፈ ጉልበት አያወጣም የሚል ወሬ ከጓደኞቹ ሰምቶ ነበር። ከሐዋሳ ዲላ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ መጣና ሌሎቹን ቆሞ ጠበቃቸው። ሳምንት ሳይሞላው ሁለት ጓደኞቹን ከኋላው አፈናጥጦ ወደ ቡሌ የሚወስደውን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ አስጮኸው።

ለእውነት ሲባል፣ ያ ወሬ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። አዲስ ሞተር ላይ ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ሸክም መጣል አለበት ብለው የሚከራከሩ የውድድር መካኒኮች አሉ። እነሱ ግን ሞተሩን በደንብ አሙቀው ይነሣሉ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ይጫኑታል፣ ይለቁታል፣ እንደገና ይጫኑታል፣ ከዚያ አቁመው ያቀዘቅዙታል፤ ዘይቱንም ወዲያውኑ ይደፉታል። የእህት ልጅየው ከዚህ ሁሉ የወሰደው መጫኑን ብቻ ነው። መልቀቁ፣ ማቀዝቀዙ፣ ዘይት መድፋቱ በወሬው ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም የሚያስጨበጭብ ነገር ስላልሆነ ማንም አይደግመውም።

ቡሌ አቀበት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ድምፁ ወፈረ፣ ጉልበቱ ተንጠፈጠፈ፤ ከዚያም የኋላ ጎማው በድንገት ቀጥ አለ። ጓደኞቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ደግነቱ በአቀበት ፍጥነት ስለነበሩ ከመላላጥ ያለፈ አልደረሰባቸውም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሞተሩ ሲበርድ ረግጦ ቢያስነሣው ተነሣለት። «አያችሁ፤ ብረት ነው!» አለና ወረደ። ለማንም አልተናገረም።

የነጋዴው ልጅ ደግሞ የሻጩን ቃል በርኅራኄ ሞላው። በመቀመጫው ላይ ያለውን ላስቲክ እንኳ አልላጠም። በየጠዋቱ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ያስነሣውና በሚኒሞ እየተንደቀደቀ እንዲቆይ ይተወዋል፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ሞተሩ «እየሞቀ» ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል፤ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ ከ25 የማይበልጥ ፍጥነት ይዞ፣ እየተንገጫገጨ። ሰው አያፈናጥጥም፤ ዕቃ አይጭንም፤ አቀበት ካየ በሌላ መንገድ ይዞራል። ሲመለስ በጨርቅ ይወለውለዋል። አባትየው በረንዳው ላይ ሆኖ ይህን ሲያይ «ዕቃ የሚያከብር ልጅ» እያለ ልቡ ይሞላ ነበር።

ሚዛን ያዡ ሰነፍ ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ሁኔታው አልፈቀደለትም እንጂ። ነጋዴው ሞተሩን ሲሰጠው ወጪ ሁሉ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ አስታውቆታል። ስለዚህ ከሦስቱ መመሪያዋን የገለጠ እሱ ብቻ ሆነ። የእንግሊዝኛ ዕውቀቱ ሩቅ ስላልነበረ ማታ ማታ መምህር ጎረቤቱ ዘንድ እየሄደ አስነበባት። ያልገባውን ደግሞ ዲላ ውስጥ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ ሄደ፤ እሳቸው ከጣሊያን ጋራዥ ከወጡ ሰዎች እጅ ሥር ያደጉ፣ ለሚጠይቃቸው ሰው ሰባኪ፣ ለማይጠይቃቸው ዲዳ ናቸው።

መመሪያዎች በቁጥሩ አይስማሙም። ሆንዳ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ስለ መጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ነው፤ ያማሃ ብዙውን ጊዜ እስከ 1600 ይቆጥራል። ሽማግሌው መካኒክ ለቁጥሩ ግድ አልነበራቸውም። «ቁጥሩን ተወው» አሉት። «ጠዋት ስታስነሣው አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ውጣ፤ ግቢ ውስጥ አታቁመው። መጀመሪያ ከግማሽ ነዳጅ አትለፍ፤ 500 ስትደርስ ትንሽ ጨምር። በአንድ ፍጥነት አትቆይ፤ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው። ቁልቁለት ስታገኝ ነዳጁን ዝጋና በማርሹ ያዘው፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ዘይት ወደ ላይ ይስባል፣ ያጥበዋል፣ ያበርደዋል። አቀበት ስታገኝ አትፍራ፤ ማርሽ ቀንስለትና ይሥራ። ሲግል አቁመህ ሻይህን ጠጣ።»

«ሸክምስ?»

«ጫንበት እንጂ! ግን መጀመሪያ አንድ ሰው፤ ወር ቆይተህ ከረጢት።»

እንግዲህ የዲላ አካባቢ መሬት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሜዳ የለውም። ሚዛን ያዡ በመስከረም ወር ለገበሬዎቹ ባዶ ከረጢት እያደረሰ፣ ደብዳቤ እያመላለሰ፣ ወጣ ወረደ። አዲስ ጎማ እስኪለመድ እንደሚያንሸራትት ስለተነገረው በመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ጭቃ ላይ ሲደርስ ወርዶ ይገፋ ነበር፤ ልጆች ይስቁበታል። ፍሬኑን በኃይል አይዝም። ማታ ካቴናው ረግቦ እንደሆነ ይነካል፤ ዳዶውንና ቡሎኑን በቁልፍ ይሞክራል፤ አዲስ ሞተር በመጀመሪያው ሰሞን መላላት ይወዳልና።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ ትኩስ እንዳለ ዘይቱን አወረደው። ጎረቤቶቹ ተንጫጩ፤ ገና ማር የመሰለ ዘይት! እሱም አልጨከነም ነበር፤ አንድ ሊትር ዘይት የስንት ቀን ምሳ እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌው ግን የተቀዳውን ዘይት ወደ ፀሐይ አዘንብለው አሳዩት። ውስጡ ከዱቄት የደቀቀ ብረት ያብለጨልጫል። «ይሄ ከየት መጣ?» አላቸው ደንግጦ። «ከተፋጨው። ይሄ ካልታየ ነበር መደንገጥ» አሉና ዘይቱን ለካቴና መቀቢያ በጣሳ አስቀመጡት።

ጥቅምት ገባ። ቡናው ቀላ።

በመጀመሪያው የግዢ ቀን የእህት ልጅየው ሞተር ሁለት ጉዞ አድርጎ ቆመ፤ በሦስተኛው ላይ ዳግመኛ ቀጥ አለና ቢረገጥም አልንቀሳቀስ አለ። በዚህ ማንም አልተገረመም። ያስገረመው የልጅየው ነው። ላስቲኩ ዛሬም መቀመጫው ላይ ነው፤ ሰዓቱ ላይ የሚነበበው ኪሎ ሜትር 400 አይሞላም፤ አንድ ጭረት የለበትም። አንድ ኩንታል እሸት ከኋላው ታስሮለት የመጀመሪያውን ዳገት ሲጀምር ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ተንቦገቦገ፤ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ አጋማሹ ላይ ጠፋ። ቡናው እዚያው መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ዋለ። ማታ ገንዳው አጠገብ ሲዘረግፉት ሽታው ተለውጧል።

ለነጋዴው በዚያ ሌሊት የታየው መፍትሔ የማንም አሠሪ መፍትሔ ነው፤ የሦስቱን ሥራ በሚሠራው ላይ መጫን። ጠዋት ሚዛን ያዡን ጠርቶ መንገዶቹን ሁሉ ዘረዘረለት። ሚዛን ያዡ አንገቱን ደፍቶ ሰማና «ጋሼ፣ አይችልም» አለ።

«አንተ ነህ ወይስ ሞተሩ?»

«ሁለታችንም። የእኔን መስመር በደንብ እሠራለሁ። የሌሎቹን ከጨመሩብኝ በኅዳር ሦስተኛው ሞተር ይቆምብዎታል።»

ነጋዴው ተቆጣ፤ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ሲከለክለው አልለመደም። ሆኖም ቡናው ጊዜ ስለማይሰጥ ቁጣውን ለሌላ ቀን አስተላልፎ ሁለቱን ሞተሮች አይሱዙ ላይ አስጫነና ልጁንም የእህቱንም ልጅ ይዞ ዲላ ወረደ።

ሽማግሌው መካኒክ ከልጅየው ሞተር ጀመሩ። ካንዴላውን ፈቱ፤ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑና ልጁን «ርገጥ» አሉት። ረገጠ። አየሩ በጣታቸው ሥር ያለ ኃይል ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት በቀዳዳው አንጠባጥበው እንደገና አስረገጡት። አሁን ጣታቸው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«የፒስተኑ ፋሻ ነው» አሉ። «ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነለት ነው ጉልበት ያገኘው። ፋሻውና ሲሊንደሩ አልተዋወቁም።»

«እንዴት ይሆናል?» አለ ነጋዴው። «ይህ ልጅ እኮ አንድ ቀን አላስጨነቀውም! እኔም የመንደሩ ሰውም ምስክር ነን።»

«እሱ ነዋ የጎዳው።»

ነጋዴው የተሰደበ መሰለው። ሽማግሌው ግን ቀደም ብለው ቴስታታውን ይፈቱ ስለነበር ቀና ብለው አላዩትም። ሲሊንደሩን አውጥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩለት። «ግባና እይ። አዲስ ሲሊንደር ሲወጣ ውስጡ በድንጋይ የተጫረ ነው፤ ቀጫጭን መስመሮች አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይቆራረጡበታል። ሆን ተብሎ ነው። ዘይት የሚቋጥረው እዚያ መስመር ውስጥ ነው፤ ፋሻውንም ሞርዶ የሚያስተካክለው እሱ ነው። አዲስ ፋሻና አዲስ ሲሊንደር ለዓይን ክብ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን አይገጥሙም። ተፋጭተው ነው የሚገጥሙት።»

«በዝግታም ቢሆን ተፋጭቷል እኮ።»

«በምን ኃይል? ፋሻው ራሱ ያለው ጉልበት ጥቂት ነው። ወደ ግድግዳው የሚገፋው እሳቱ ነው። ቤንዚኑ ሲነድ ግፊቱ ከፋሻው ጀርባ ይገባና ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ሸክም ከሌለ እሳቱ ያንሳል፤ እሳቱ ካነሰ ፋሻው ሳይነካ ይመላለሳል። ያን ጊዜ ዘይት ሾልኮ ያልፋል፤ ያለፈው ዘይት ግድግዳው ላይ ተቃጥሎ ይደርቃል። ይኸው!» በጥፍራቸው ቡናማውን፣ የሚያብረቀርቀውን ገጽ ጫር አደረጉት። «መስመሮቹ ተደፍነዋል። በዓይንህ ስታየው ያምራል አይደል? ከእንግዲህ ዓመት ሙሉ ብትነዳው አይገጥምም፤ የሚሞርደው ነገር የለውማ።»

ነጋዴው ሲሊንደሩን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

ስለ ልጁ እናት እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ሚስቱ የሞተችው ልጁ በስድስት ዓመቱ ነበር፤ ነጋዴውም እንደማያንከራትተው ለሟቿ ቃል ገብቶላት ነበር። ቃሉን ጠበቀ። ልጁ አሁን 24 ዓመቱ ነው። ሚዛን ላይ አልቆመም፤ ከገበሬ ጋር ዋጋ አልተከራከረም፤ ሌሊት የገንዳውን ውኃ አልጠበቀም፤ ኪሱ ውስጥ ከምሳ የሚበልጥ ገንዘብ ይዞ አያውቅም። «ጊዜው ሲደርስ» ይባላል። ጨዋ ነው፣ ሰላምታ አያስቀርም፣ ሸሚዙ አይጨማደድም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ አንድም ሰው ግን ሥራ አያዝዘውም።

ነጋዴው ሲሊንደሩን መለሰና ሳይታሰብ ሌላኛውን ጠየቀ። «የእሱስ?»

የእህት ልጅየው ሞተር ተከፈተ። ፒስተኑ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቦጭሯል፤ የተላጠው አሉሚኒየም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ የሲሊንደሩ እጅጌ ብረት ነው። ሲግሉ እኩል አያብጡም፤ ፒስተኑ ይቀድማል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው። ገና ያልተላመዱ ነገሮች ናቸው፤ በየቦታው ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ። በዚያ ላይ ሁለት ሰው ጭነህ፣ አቀበት ላይ፣ ሳታሳርፍ ስትገርፈው ፒስተኑ መሄጃ ያጣል። ይነክሳል።» ወደ እህት ልጅየው ዞሩ። «ከዚህ በፊት ነክሶ ነበር፤ አይደለም?»

የእህት ልጅየው መሬት መሬት አየ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ አጎትየው።

«ብናገር ይወስዱብኝ ነበር።»

ይህ መልስ ያለ ምክንያት አልመጣም። የእህት ልጅየው አባቱን በልጅነቱ አጥቶ አጎቱ ቤት ነው ያደገው። አጎትየው በራሱ ልጅ ላይ ያልጫነውን ሁሉ በእሱ ላይ ጫነ። በ17 ዓመቱ የአንድ ወቅት የቡና ሽያጭ ገንዘብ በሻንጣ አስይዞ፣ ማንም ሳያስከትልለት፣ ከአዲስ አበባ አስመጣው፤ «ወንድ ነህ» ብሎ። በመንገድ ላይ ሰዎች አታለሉትና ከገንዘቡ ገሚሱ ጠፋ። አጎትየው አልደበደበውም፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን አወራበት። ከዚያ በኋላ ልጁ ስሕተት የመሰለውን ሁሉ ደብቆ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ሆነ። ሲሮጥ የሚያየው ሰው ደፋር ይለዋል።

ሚዛን ያዡን ማንም አስቦ አላሳደገውም። ድህነት ነው ያስተማረው የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ምሳቸውን የበሉ ሰዎች ናቸው። ድህነት ስንቱን በአሥር ዓመቱ ከአቅሙ በላይ ጭኖ እንደነከሰው ያየ ሰው አይለውም። ይህን ልጅ የጠቀመችው እናቱ ናት። ገበያ ላይ ቆጮና ቡና ትሸጥ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ አንዲት ጣሳ ቡና ሰጥታው «ይቺን አንተ ሽጥ» አለችው። አንድ ብር ጎድሎበት ሲመለስ ቆጥራ አሳየችው፤ አልጮኸችም፤ በማግስቱ ግን ሁለት ጣሳ ሰጠችው። ልጅ ማሳደግ ላይ መጽሐፍ አላነበበችም። የምትከስረውን ያህል ብቻ ነበር የምትሰጠው፤ ከዚያ በላይ ብትከስር ማታ የሚበላ አይኖርም።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ነጋዴው ሁለቱን የተከፈቱ ሞተሮች እያየ «የትኛው ይቀላል?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ስለ ዋጋ የጠየቀ መሰላቸው።

«የልጅህ ይቀላል። አልተቦጨረም። ያን የደረቀውን ገጽ በድንጋይ አንሥቼ መስመሩን እመልስለታለሁ፤ አዲስ ፋሻ ይገባለታል። ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ያለፈው 400 ኪሎ ሜትር አይቆጠርለትም። ዛሬውኑ ወደ ሥራ ካላስገባኸው ደግሞ እንደገና ትመጣለህ።»

«የዚህኛውስ?»

«ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ሲሊንደሩ ይሰፋል፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል። ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። ከተሠራ በኋላ ከአዲሱ የሚያንስ አይምሰልህ፤ ጥሩ ባለሙያ ካሰፋው እንዲያውም ይሻላል። ብቻ የሚነዳው ሰው ሲግልበት ለማቆም የማያፍር መሆን አለበት።»

የእህት ልጅየው ቀና አለ። «አቁሜ ብመጣ ምን ይሉኝ ነበር?» ብሎ አጎቱን ጠየቀው።

ነጋዴው ወዲያው አልመለሰለትም። በመጨረሻ «አወራብህ ነበር» አለ፤ ይህን መናገሩ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከዚያ ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ አለና ለቶርኖ ቤቱ ቀብድ ከፈለ። የእህት ልጅየው ሞተሩ እስኪሠራ ከሚዛን ያዡ ኋላ ተፈናጦ ከረጢት እንዲያስር ሲታዘዝ ፊቱን አጠቆረ፤ «ከጭቃ ላይ ወርዶ ከሚገፋ ሰው ጋር!» እያለ ሦስት ቀን አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ቡሌ አቀበት ላይ ሚዛን ያዡ ሞተሩን አቁሞ ሻይ ሲያዝ «ለእኔም» አለ ይባላል። ከዚህ በላይ ለውጥ ታየበት የሚል ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም፤ ጊዜው ገና ነው።

የልጅየው ሞተር በሁለተኛው ቀን ተገጠመ። አባትየው በረንዳው ላይ ጠበቀውና መቀመጫው ላይ ያለውን ላስቲክ በራሱ እጅ ቀደደ። ከኪሱ ለሁለት ኩንታል እሸት የሚበቃ ገንዘብ ቆጥሮ አስጨበጠው፤ ደብተርና የእጅ ሚዛን ጨመረለት። «ከወንዙ ማዶ ያሉት አሥራ አምስት አባወራዎች የአንተ ናቸው። ዋጋ አንተ ተነጋገር። በሁለት ጉዞ ታመጣዋለህ፤ ግማሽ ግማሽ አድርገህ።»

«አባዬ፣ አንተ አትመጣም?»

«አልመጣም።»

ባይሄድም አልተቀመጠም። ቀኑን ሙሉ ከበረንዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ገንዳው ሲመላለስ ዋለ፤ አንድ ጊዜም ቁልፍ አንሥቶ አይሱዙው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሠራተኞቹ ስለ ቡናው ዋጋ የተጨነቀ መሰላቸው።

ልጁ ማታ ገባ። ሸሚዙ ከረጢት በነካው በኩል ጠቁሯል። የሞተሩ ጭስ ቀጥኗል፤ አባትየው መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ቡናው ሲፈተሽ ግን ከቀዩ ጋር አረንጓዴና ከፊል የደረቀ ተቀላቅሎበታል። አንዲት አሮጊት ከረጢቱን ከላይ በቀይ ሸፍነው ሸጠውለታል፤ ሌላው ገበሬ ደግሞ ከሌሎቹ በኪሎ አስበልጦ አስከፍሎታል። የማጠቢያው መዝጋቢ ሳቁን እየዋጠ ኪሳራውን ደመረ፤ 1140 ብር።

በበነጋውም ጎደለ፤ 600 ገደማ። በሦስተኛው ቀን ከዚያ ያነሰ ሆነ። በዚያን ቀን ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፎ ካላየ እንደማይገዛ ተናግሮ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ተጣልቷል፤ አንዱም እስከ ማጠቢያው ድረስ መጥቶ ለአባትየው ከሰሰው። አባትየው ክሱን በትዕግሥት ሰማ፤ «እሱን አነጋግሩት፤ መስመሩ የእሱ ነው» ብሎ ሸኘው። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የታየው ነገር ለከሳሹ ፈጽሞ አልገባውም።

በሳምንቱ መጨረሻ ልጁ ደብተሩን ይዞ አባቱ ፊት ቆመ። የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ለየብቻ አስፍሯል፤ ከየትኛው ገበሬ፣ በምን ምክንያት። ድምሩን ራሱ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሞተሩም በዚያው ቀን ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ስለነበር እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። አባትየው ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበበ፤ እዚህም እዚያም ጣቱን እያቆመ «እዚህ ላይ ምን ሆነ?» እያለ ጠየቀ፤ ልጁ መለሰ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ለአዲሱ ሳምንት ገንዘብ መቁጠር ጀመረ።

«የጎደለውስ?» አለ ልጁ። «ከደመወዜ ይቆረጥ?»

«ዘይቱን የት አደረግከው?»

«የወረደውን? በጣሳ አለ። ብረት ያብለጨልጭበታል።»

«ይሄም ከእሱ ጋር ይሂድ» አለ አባትየው፤ በቀይ የተጻፈውን ገጽ ከደብተሩ ገንጥሎ ሰጠው። «ሰኞ አራት ኩንታል ነው። የአሮጊቷን ከረጢት ከታች ጀምረህ እይ።»